ከሕዝብ መካከል የሚጠሩ ፈራጆች

ወደ አሜሪካ ተሻግረው የዚያን አገር ዜግነት ከተቀበሉት ዘመዶቻችን ለአንዳንዶቹ፥ ከዕለታት በአንድ ቀን ከፍርድ ቤት መጥሪያ ይደርሳቸዋል። የተጠሩት እንደ ተከሳሽ ወይም እንደ ምስክር ሳይሆን ለመፍረድ ነው። ይህን ያላወቀ ይደነግጣል፤ ሌላውም «ሕግ ያልተማርሁ ሰው በሰው ላይ እንዴት እፈርዳለሁ?» ብሎ ደብዳቤውን ወደ ጎን ይጥለዋል። ስለዚህ ሥርዐቱን ባጭሩ መግለጥ አስፈላጊ ሆኖ አግኝተነዋል።

በአገራችን ችሎት የተከሳሹን ጥፋተኛነትም ሆነ ቅጣቱን የሚወስኑት ዳኞች ናቸው። የዱሮው አውጫጭኝም ቢሆን የአገሩ ሰው ተሰብስቦ ያልታወቀውን ወንጀለኛ የሚያወጣበት ሥርዐት ነበር እንጂ፥ ቀርቦ በሚከራከር ተከሳሽ ላይ ፍርድ የሚሰጥበት አልነበረም። በአሜሪካ ግን በ1791 ዓ.ም. (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው) የጸናው ስድስተኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ፥ በከባድ ወንጀል የተከሰሰ ሰው ከሕዝብ በተመረጡ የማያዳሉ ፈራጆች እንዲዳኝ መብት ሰጥቶታል። እነዚህ ፈራጆች «ጁሪ» ይባላሉ፤ በፌዴራል የወንጀል ችሎት ቍጥራቸው 12 ነው። ዳኛው ክርክሩን ይመራል፥ ሕጉንም ያስረዳል፤ ጁሪው ማስረጃውን መዝኖ «ጥፋተኛ ነው» ወይም «አይደለም» ይላል። ሞት ከሚጠየቅበት ክስ በቀር ቅጣቱን አብዛኛውን ጊዜ የሚወስነው ዳኛው ነው።

በጁሪ ለመቀመጥ የሚችል ማን ነው? በፌዴራል ሕግ፥ ዜጋ የሆነ፥ 18 ዓመት የሞላው፥ በፍርድ ቤቱ ክልል 1 ዓመት የኖረ፥ እንግሊዝኛ የሚናገርና መጠይቁን አንብቦ የሚሞላ ሰው ነው። ከ1 ዓመት በላይ እስራት በሚያስቀጣ ወንጀል የተከሰሰ፥ ወይም ተፈርዶበት መብቱ ያልተመለሰለት አይቀመጥም። በየግዛቱ ያለው ዝርዝር ግን ይለያያል። የመኖሪያ ፈቃድ ብቻ ያለውም ሰው አይቀመጥም፤ ሆኖም ደብዳቤው ከደረሰው ዝም ሳይል፥ ዜጋ አለመሆኑን በእውነት ጽፎ ይመልስ። ሳይሆን «ዜጋ ነኝ» ማለት ከባድ መዘዝ ያመጣበታል።

በምርጫው ቀን ዳኛውና ጠበቆቹ የተጠሩትን ይጠይቃሉ። ተከሳሹን የሚያውቅ፥ ወይም ስለ ነገሩ አስቀድሞ ልቡ ያደላ፥ ሳይደብቅ ይናገር። ጠበቆችም በተወሰነ ቍጥር ምክንያት ሳይሰጡ ሰው ለማስቀረት ይችላሉ፤ ነገር ግን በዘሩ ምክንያት ማስቀረት በ1986 ዓ.ም.፥ በፆታው ምክንያት ማስቀረት በ1994 ዓ.ም. በጠቅላይ ፍርድ ቤት ተከልክሏል። ነጭ ወንዶች ብቻ በጁሪ እንዲቀመጡ ያዝዝ የነበረው የዌስት ቨርጂኒያ ሕግ ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ተብሎ የተፈረደው በ1880 ዓ.ም. ነበር። ዛሬ እንደ ሸክም የምናየውን ወንበር ሌሎች ለማግኘት ብዙ ተሟግተውበታል።

የጁሪው ጥያቄ «ሰውዬው መልካም ነውን?» የሚል አይደለም፤ «ዐቃቤ ሕግ ክሱን ከምክንያታዊ ጥርጣሬ በላይ አስረድቷልን?» የሚል ነው እንጂ። ተከሳሹ ዝም ቢል ዝምታው አይቈጠርበትም። በፌዴራል ችሎት 12ቱም መስማማት አለባቸው፤ ከ2020 ዓ.ም. ወዲህም ይኸው በከባድ ወንጀል ለግዛቶች ሁሉ ግዴታ ሆኗል። ስለዚህ አንድ ሰው እንኳ ከልቡ ካላመነ፥ በሌሎቹ ድምፅ ብዛት ብቻ ተከሳሹን ጥፋተኛ ለማለት አይቻልም።

ክርክሩ እስኪፈጸም ድረስ የጁሪ አባል ነገሩን ለትዳር ጓደኛው እንኳ አያወራም፥ በራሱም መንገድ ወሬ አይፈልግም። እንግዲህ የቤት ሰዎች፥ ማታ ሲመለስ «ምን ተባለ?» እያላችሁ አታስጨንቁት። መሐላ ለሚከብደው ሰው በማረጋገጫ ቃል መግባት ተፈቅዶለታል። የፌዴራል ፍርድ ቤት በቀን 50 ዶላር ይከፍላል፤ አሠሪውም በዚህ ምክንያት ከሥራ ሊያስወጣው አይችልም።

ከልጆቻችን አንዱ ሳይበድል ተከሶ ቢቆም፥ በእነዚያ ወንበሮች ላይ እንዲቀመጥለት የምንመኘው ታግሦ የሚሰማ፥ ፊት አይቶ የማያደላ ሰው ነው። መጥሪያው የደረሰው ዘመዳችንም ለሌላው ሰው ልጅ እንዲሁ ይሁንለት።