ቶሎ ለገባው ልጅ ምን እንስጠው?
ሒሳብ ቶሎ የሚገባውን ልጅ ቤት የሚያስተምሩ ወላጆች፣ የሁለተኛ ክፍሉን መጽሐፍ ስለጨረሰ ብቻ ወዲያው የሦስተኛውን ባይከፍቱለት እመርጣለሁ። በመጋቢት 2012 ትምህርት ቤቶች በኮሮና ሲዘጉ ፒያሳም ሆነ ሌላ ሰፈር ብዙ ወላጅ ድንገት አስተማሪ ሆነ፤ የብዙዎቻችን መለኪያ ግን የተገለጠው ገጽ ብዛት ነበር። የቄስ ትምህርት ቤት የኔታ ልጁን ከፊደል ወደ ዳዊት የሚያሻግሩት በዕድሜው ሳይሆን በያዘው ልክ ነው፤ ያልጸናለትን ደግሞ ያስደግሙታል። ቤትም ይኸው ይሁን። ቶሎ ለገባው ልጅ ከአዲስ መጽሐፍ ይልቅ የሚያስቆም ጥያቄ እንስጠው። ለምሳሌ አራዳ ጊዮርጊስን ተጎራብቶ ለሚያድግ ልጅ የቤተ ክርስቲያን የዘመን ቀመር የሆነው ባሕረ ሐሳብ ቅርቡ ነው። በቀመሩ ከክርስቶስ ልደት በፊት በሚቆጠረው 5500 ዓመት ላይ 2016 ዓ.ም.ን ይደምር፤ 7516ን ለ19 ሲያካፍል 11 ይተርፈዋል፣ አንድ ሲቀንስ «ወንበር» የሚባለው ቁጥር 10 ይሆናል። ወንበሩን በ11 አባዝቶ በ30 ሲገድፍ (አካፍሎ ቀሪውን ብቻ ሲይዝ) «አበቅቴ» የሚባለው ቁጥር 20፣ በ19 አባዝቶ ሲገድፍ ደግሞ «መጥቅዕ» የሚባለው 10 ይወጣል። ድምራቸው 30! የ2017ንም ያስላው፤ 1 እና 29፣ አሁንም 30። ለምን? እዚህ ጥያቄ ላይ ሳምንት ቢቆይ ወደ ኋላ ቀረ አይባልም። እባካችሁ 11ን እና 19ን ራሱ እስኪደምራቸው ድረስ መልሱን አትንገሩት።