የድረ ገጽ ደህንነት ሰርተፍኬትና የሸማቹ አመኔታ

በደቡብ ጎንደር ዞን፣ በእስቴዋ መካነ ኢየሱስ ገበያ ጤፍ የሚገዛ ሰው እህሉን በመዳፉ ዘግኖ ያያል፤ በቅሎ የሚገዛም አፏን ከፍቶ በጥርሷ ዕድሜዋን ይገምታል። ሻጩ የማን ልጅ፣ የየትኛው ቀበሌ ነዋሪ እንደሆነም ጠይቆ ይረዳል። ግብይቱ ቢበላሽ ጉዳዩ በሽማግሌ የሚታይበት መንገድ አለ። ይኸው ሸማች በእጅ ስልኩ አማካይነት ከአዲስ አበባ ዕቃ በሚያዝበት ጊዜ ግን ዕቃውንም ሻጩንም አያይም፤ ገንዘቡን አስቀድሞ ከላከ ደግሞ ሽማግሌ የሚልክበት ደጅ አይኖረውም።

ይህንን ክፍተት ለመሙላት ከሚያገለግሉት ዘዴዎች አንዱ የድረ ገጽ ደህንነት ሰርተፍኬት ነው። ሰርተፍኬቱ በሸማቹ ስልክና በድረ ገጹ መካከል የሚያልፈው የይለፍ ቃልም ሆነ የባንክ ካርድ ቁጥር በምስጠራ እንዲጓዝና በመሐል የጠለፈው ሰው እንዳያነበው ያስችላል። ከዚህም ሌላ የተከፈተው ገጽ በእርግጥ በአድራሻው ላይ የተጻፈው ድረ ገጽ መሆኑን እውቅና ያለው ሰርተፍኬት ሰጪ ያረጋግጥበታል። በመዝገብ ቤት አነጋገር፣ ፖስታው መታሸጉንና ትክክለኛው አድራሻ መድረሱን ይመሰክራል እንጂ በውስጡ ያለው ደብዳቤ እውነት ስለመሆኑ አይናገርም።

ብዙዎች የሚሳሳቱትም በዚሁ ላይ ነው። ከአድራሻው አጠገብ የጓጉንቸር ምልክት መኖሩ የነጋዴውን ታማኝነት እንደሚያሳይ ተደርጎ ለዓመታት ሲነገር ቆይቷል። ይሁንና እ.ኤ.አ. ከ2015 መጨረሻ ጀምሮ ሌትስ ኢንክሪፕት የተባለው ተቋም ሰርተፍኬት ያለ ክፍያ ማደል በመጀመሩ፣ ቀድሞ በውጭ ምንዛሪ መግዛት ያልቻሉ አነስተኛ ድርጅቶች እንደተጠቀሙ ሁሉ አጭበርባሪዎችም ሰርተፍኬት ማግኘት አላስቸገራቸውም። የጉግል ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2018 ሰርተፍኬት የሌላቸውን ድረ ገጾች ሁሉ «ደህንነቱ ያልተጠበቀ» ብሎ መሰየም ቢጀምርም፣ በ2023 የጓጉንቸሩን ምልክት ራሱን ከክሮም ብሮውዘር አንስቶታል። የሰጠው ምክንያት ተጠቃሚዎች ምልክቱን የታማኝነት ማረጋገጫ አድርገው መውሰዳቸው ነው።

በአገራችን ደግሞ ጉዳዩ ሌላ ገጽታ አለው። የኦንላይን ንግዱ ጉልህ ድርሻ የሚከናወነው ነጋዴው በራሱ ባቋቋመው ድረ ገጽ ሳይሆን በቴሌግራም፣ በፌስቡክና በቲክቶክ ነው። የቴሌግራም ሰርተፍኬት የሚያረጋግጠው ቴሌግራምን ብቻ ሲሆን፣ በቻናሉ ላይ የዕቃ ፎቶግራፍ ለጥፎ ስልክ ቁጥር ያስቀመጠውን ግለሰብ አይመለከትም። በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቴሌብርና የባንኮች የሞባይል አገልግሎት ገንዘብ መላክን ቢያቀሉም፣ የተላከው ገንዘብ በማን እጅ እንደገባ ማወቅን አላቀለሉም። ጥርጣሬው በገዢው ወገን ብቻ ያለ አይደለም፤ ነጋዴዎችም በሐሰተኛ የክፍያ ደረሰኝ ምስል ዕቃቸውን ያጣሉ። ዕቃ ሲደርስ በጥሬ ገንዘብ መክፈል እስካሁን የሚመረጠው ያለ ምክንያት እንዳልሆነ መገንዘብ ይገባል።

የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ድርሻ እዚህ ላይ ከታሰበው በላይ ነው። የንግድ ፈቃድ እድሳትን የመሳሰሉ አገልግሎቶች በኦንላይን እየተሰጡ ባሉበት በአሁኑ ወቅት፣ ባለጉዳዩ ስለ ድረ ገጽ ደህንነት የመጀመሪያውን ትምህርት የሚያገኘው ከመሥሪያ ቤቶች ገጾች ነው። የአንድ መሥሪያ ቤት ሰርተፍኬት ጊዜው አልፎ ማስጠንቀቂያ ሲወጣና ሠራተኛው «ችግር የለውም፣ እለፉት» ብሎ ባለጉዳዩን ሲያሳልፍ፣ ያ ዜጋ ማስጠንቀቂያን መናቅ ተማረ ማለት ነው። ነገ በሐሰተኛ የባንክ ገጽ ላይ ተመሳሳይ ማስጠንቀቂያ ቢያይ በለመደው መንገድ ያልፈዋል። ይህ ከማናቸውም የቴክኒክ ጉድለት የከፋ ጉዳት ነው።

ሥራው ከዚህ በኋላ ይበልጥ ጥንቃቄ የሚጠይቅ ይሆናል። እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ የአንድ ሰርተፍኬት ዕድሜ ከ398 ቀናት እንዳይበልጥ ተገድቧል። ብሮውዘር አምራቾችና ሰርተፍኬት ሰጪዎች በ2025 ባሳለፉት ውሳኔ መሠረት ይኸው ጣሪያ እ.ኤ.አ. ከማርች 15 ቀን 2026 ጀምሮ ወደ 200፣ በ2029 ደግሞ ወደ 47 ቀናት ዝቅ ይላል። እድሳቱን በዓመታዊ ግዥ ዕቅድ ወይም በአንድ ባለሙያ ማስታወሻ ደብተር መምራት አይቻልም። የግዥ ኮሚቴ ተሰብስቦ ቃለ ጉባዔ እስኪፈርም ድረስ ሰርተፍኬቱ ሊያልፍበት ይችላል። እድሳቱ በኮምፒዩተሩ በራሱ እንዲከናወን ማድረግና የሚቆጣጠረውን የሥራ ክፍል በደብዳቤ መሰየም የግድ ነው።

የኤሌክትሮኒክ ፊርማ አዋጅ ቁጥር 1072/2010 በአገር ውስጥ ሰርተፍኬት ሰጪዎችን የሚመራውን የሩት ሰርተፍኬት ባለሥልጣንነት ለኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት ኤጀንሲ ሰጥቷል። ኃላፊነቱ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ የኔዘርላንድ ገጠመኝ ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ2011 ዲጂኖታር የተባለው የዚያች አገር ሰርተፍኬት ሰጪ ተጠልፎ ከ500 በላይ ሐሰተኛ ሰርተፍኬቶች ወጡ፤ በጉግል ስም የወጣውም በኢራን የሚገኙ ተጠቃሚዎችን ለመሰለል ዋለ። የኔዘርላንድ መንግሥት ድረ ገጾች በዚሁ ድርጅት ሰርተፍኬት ይጠቀሙ ስለነበር መንግሥት ሥራውን በቁጥጥሩ ሥር ለማድረግ ተገደደ፤ ድርጅቱም በዚያው ዓመት ከሰረ። ድርጅቱ ጥቃቱን እንዳወቀ ለሕዝብ አለማሳወቁ የአመኔታውን መጥፋት አፋጥኖታል።

ሰርተፍኬት የማይሸፍነውን መሸፈን የሕግ ሥራ ነው። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 በኦንላይን የሚደረግ ውል ሕጋዊ ውጤት እንዲኖረው አድርጓል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የሸማቹን መረጃ የያዘ አካል ግዴታ አለበት ይላል። ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሰው እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት የመጠየቅ መብቱም በንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ተደንግጓል። አዋጆቹ የወጡት በአዲስ አበባ ቢሆንም የሚፈተኑት እንደ መካነ ኢየሱስ ባሉ ከተሞች ነው። በአማራ ክልል ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ መቆየቱ ሲታሰብ፣ ሸማቹ አቤቱታውን በድረ ገጽ ብቻ እንዲያቀርብ መጠበቅ አይቻልም። የወረዳው ንግድ ጽሕፈት ቤት በሌላ ከተማ በሚገኝ ሻጭ ላይ የሚቀርብለትን አቤቱታ በጽሑፍ ተቀብሎ፣ የክፍያውን ደረሰኝ ቁጥርና የሻጩን ስልክ መዝግቦ፣ ሻጩ ላለበት ከተማ ንግድ ቢሮ የሚልክበት አሠራር ሊዘረጋለት ይገባል።