የበግ መንጋ የሠራው ተራራ

ከሮም ወደ ምሥራቅ በመኪና ሁለት ሰዓት የማይሞላ መንገድ የተጓዘ ሰው አብሩዞ የሚባለው ክልል ይደርሳል። ኢጣሊያን ከላይ እስከ ታች የሚያቋርጠው የአፔኒን ተራራ ከሁሉም በላይ ከፍ የሚለው እዚህ ነው፤ የግራን ሳሶ ጫፍ የሆነው ኮርኖ ግራንዴ 2,912 ሜትር ይደርሳል። ክልሉ ሦስት ብሔራዊ ፓርኮች አሉት፤ ከመሬቱም ሲሶ ገደማው በሕግ የተጠበቀ ነው። ለእንግዳ የሚታደለው የጉብኝት ወረቀት ታዲያ ሁልጊዜ ለሁለት የተከፈለ ነው። በአንድ ወገን «ተፈጥሮ» ይላል፦ ድብ፣ ተኩላ፣ የእግር መንገድ፣ የበረዶ መንሸራተቻ። በሌላው ወገን «ታሪክ» ይላል፦ ግንብ፣ ገዳም፣ የመካከለኛው ዘመን መንደር። ጠዋት ለተራራው፣ ከሰዓት በኋላ ለግንቡ።

ይህ አከፋፈል ለአስጎብኚ ይመቸው ይሆናል እንጂ እውነት የለበትም። በግራን ሳሶ ዙሪያ ሜዳውንም ግንቡንም ያቆመው አንድ ንግድ ነው፤ የበግ ጠጉር። ለየብቻ ያያቸው ሰው አንዱንም በቅጡ አላየም። ጉዳቱ በጎብኚው ላይ ብቻ ቢቀር ባልከፋ ነበር። ሜዳውን «ያልተነካ ተፈጥሮ» ነው ብሎ የሚጠብቅ ሁሉ ግን ሠሪውን አሰናብቶ ሥራውን ለማቆየት ይለፋል።

ከሜዳው እንጀምር። ካምፖ ኢምፔራቶሬ ከ20 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝም፣ ከ1,500 እስከ 1,900 ሜትር ከፍታ ላይ የተዘረጋ አምባ ነው፤ «ትንሿ ቲቤት» የሚል ቅጽልም ወጥቶለታል። መኪናውን አቁሞ የወረደ ሰው መጀመሪያ የሚያስተውለው ዛፍ አለመኖሩን ነው። ሣር፣ ነጭ ድንጋይ፣ ከዚያ ተራራ፤ ሌላ የለም። ከፍታው ዛፍ አያበቅልም የሚሉ አሉ። ነገር ግን በዚያው ተራራ ጎን ቢች የሚባለው ዛፍ ጫካ ሠርቶ እስከ 1,800 ሜትር ገደማ ይወጣል። ሜዳውን በአመዛኙ የመለጠው ለዘመናት ያልተለየው መጥረቢያና የበግ ጥርስ ነው። ጎንበስ ብሎ ላየው ምስክሩ መሬት ላይ አለ፦ በጉ የሚወደው ሣር ሁለት ጣት ሳይሞላ ለጥ ብሎ ተግጧል፤ የማይደፍረው እሾህ፣ የኛ ኮሸሽላ ዘመድ፣ ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ በመካከላቸው ከድንጋይ ጋር የተጣበቀ ጦስኝ ይሸታል። መንጋ በቀረበት ወገን ደግሞ የጥድ ዘመድ የሆነ ድንክ ቁጥቋጦ ሣሩን ቀስ በቀስ እየዋጠው ነው። የዱር አበባው ብዛት የሚደነቅለት ይህ ሜዳ በጎቹ ቢቀሩ ከጊዜ በኋላ ሌላ ቦታ ይሆናል።

በጎቹ ግን ዓመቱን ሙሉ እዚህ አይቆዩም ነበር። በረዶ ሲወርድ በደጋው ላይ የሚጋጥ ነገር አይገኝም፤ ያኔ በደቡብ፣ በፑልያ ቆላ፣ ሣሩ ይለመልማል። ሙቀት ሲመጣ ቆላው ይነድዳል፣ ደጋው ያብባል። ስለዚህ እረኛው በመስከረም ማብቂያ መንጋውን ይዞ ይወርዳል፣ በግንቦት ይመለሳል። ይህ የብዙ አገር እረኛ ኑሮ ነው። የአብሩዞን ልዩ የሚያደርገው መንግሥት እጁን ማስገባቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1447 የኔፕልስ ንጉሥ አልፎንሶ የበግ ጉምሩክ አቋቋመ፤ መሥሪያ ቤቱም በኋላ ፎጃ ከተማ ተቀመጠ። በጉ በራስ ተቆጥሮ ይቀረጣል። በምላሹ እረኛው የቆላውን ግጦሽ በዋስትና ያገኛል፣ መንገዱ ይጠበቅለታል፣ ሲከሰስም የሚዳኘው የአካባቢው ባላባት ሳይሆን የጉምሩኩ የራሱ ችሎት ነው። ንጉሡ ለእረኛ አዝኖ አይደለም፤ ከግዛቱ ዋና ገቢዎች አንዱ አራት እግር ስለነበረው ነው። በደጉ ዘመን በሚሊዮን የሚቆጠር በግ በዚህ መንገድ ይወርድ ነበር።

ከአብሩዞዋ ላኲላ ከተማ ወደ ፎጃ የሚወስደው ዋናው የመንጋ መንገድ 244 ኪሎ ሜትር ይረዝማል። ስፋቱ ደግሞ 111 ሜትር ነው። እዚህ ቁጥር ላይ ቆም ማለት ይገባል፤ የዛሬው ባለ ስድስት መስመር አውራ ጎዳና ግማሹን አይሞላውም። መንጋው እየጋጠ እንዲሄድ ስለታሰበ መንገዱ ራሱ ግጦሽ ነው። ድንጋይ አልተነጠፈበትም፣ ድልድይ የለውም ማለት ይቻላል፤ ወሰኑን የሚያሳዩ የድንጋይ ምልክቶች ብቻ ተተክለውበታል። የኢጣሊያ መንግሥት ከ1976 ጀምሮ እነዚህን የሣር መንገዶች፣ መጀመሪያ በጎረቤት ሞሊዜ፣ በኋላም በሌሎቹ ክልሎች፣ እንደ ጥንታዊ ቅርስ በሕግ ሲመዘግብ ሣርን ከፍርስራሽ ግንብ እኩል ማስቀመጡ ነበር። ሕጉ የገባው ነገር ለጉብኝት ወረቀቱ አዘጋጅ እስካሁን አልገባውም።

አሁን ግንቡ። ሮካ ካላሾ 1,460 ሜትር ከፍታ ላይ፣ በጠባብ ጉብታ ጫፍ፣ አራት ክብ ማማ አቅፎ የቆመ ነጭ የድንጋይ ምሽግ ነው። በ1985 የወጣው «ሌዲሆክ» የተባለ ፊልም ስለተቀረጸበት የፍቅር ቤተ መንግሥት መስሏቸው የሚመጡ አሉ፤ ሙሽሮችም ፎቶ ይነሡበታል። መኳንንት አልኖሩበትም። የወታደር መጠበቂያ ነበር። ከማማው ሥር ሲቆሙ በአንድ ወገን የግጦሹ ደጋ፣ በሌላው ወደ ቆላ የሚያወርደው ሸለቆ ይታያል፤ ምን ይጠበቅ እንደነበር ለመገመት ሌላ አስረጂ አያሻም። በ1579 ይህን ምሽግና በአቅራቢያው ያለውን የሳንቶ ስቴፋኖ ዲ ሴሳኒዮን መንደር የገዛው የፍሎረንሱ ሜዲቺ ቤተሰብ ነው፤ ሥዕልና ሐውልት በማሠራት ስሙ የሚነሣው ያው ሜዲቺ። ከፍሎረንስ እዚህ ድረስ ያመጣው ውበት አልነበረም። የዚህ ደጋ በግ የሚሰጠው ሻካራ ጥቁር ጠጉር ለመነኩሴ ቀሚስና ለወታደር ልብስ ይፈለግ ነበርና ነው። የቤተሰቡ አርማ ዛሬም ከመንደሩ መግቢያ ቅስት በላይ ተቀርጾ ይታያል።

የላኲላ ከተማ አብያተ ክርስቲያናትም የዚሁ ሀብት ልጆች ናቸው፤ ከተማዋን ያበለጸጋት ሱፍና ሳፍሮን ነው። ነጭና ቀይ ድንጋይ እየተፈራረቀበት የተሠራውን የኮሌማጆን ቤተ ክርስቲያን ያሳነጸው በማዬላና በሞሮኔ ተራሮች ዋሻ ሲጋደል የኖረ ባሕታዊ ነበር። በነሐሴ 1294 በዚያው ቤተ ክርስቲያን ቼለስቲኖ አምስተኛ ተብሎ የሮማ ጳጳስነት ዘውድ ጫነ፤ ዓመቱ ሳያልቅ በታኅሣሥ ሥልጣኑን በፈቃዱ ለቀቀ። በገደል ሥር የተወሸቁት የጸሎት ቤቶቹ ለኢትዮጵያዊ ተጓዥ እንግዳ አይሆኑበትም። ስለ እርሱ ግን ብዙ ተጽፏልና እናልፋለን።

ብዙ የማይጻፍለት ውድቀቱ ነው። ፈረንሳዮች ኔፕልስን በያዙበት በ1806 የበግ ጉምሩኩ ተሻረ፤ የፑልያ ግጦሽ እየታረሰ ስንዴ ተዘራበት። ክረምቱን የሚያሳልፍበት ያጣ መንጋ ተመናመነ፣ እረኛውም አገር ለቀቀ፤ አሜሪካ፣ አርጀንቲና፣ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላም የቤልጂየም የድንጋይ ከሰል ጉድጓድ። ነሐሴ 8 ቀን 1956 ማርሲኔል በተባለው ማዕድን ማውጫ ቃጠሎ ከሞቱት 262 ሰዎች 136ቱ ኢጣሊያውያን ነበሩ፤ ከእነርሱም በርካቶቹ የአብሩዞ ልጆች፣ በተለይም በማዬላ ግርጌ ከምትገኘው ከማኖፔሎ የመጡ ናቸው። ዛሬ ጎብኚ «ጊዜ ያልነካው» እያለ የሚያደንቀው መንደር ጊዜ ያልነካው ሳይሆን ሰው የተለየው ነው። ቤቱን በሲሚንቶ የሚያድስ፣ መስኮቱን የሚያሰፋ፣ ጣሪያውን ቆርቆሮ የሚያለብስ ባለቤት ቢኖር ኖሮ ሳንቶ ስቴፋኖ እንደ ማንኛውም የኢጣሊያ ትንሽ ከተማ በሆነች ነበር። ለፎቶ ያቆያት ድህነት ነው። ከዚያ ባዶዎቹ ቤቶች ተሰባስበው ሆቴል ሆኑ፤ አንዱ ክፍል በአንዱ ጎዳና፣ ሌላው በሌላው። ጥላሸት የጠጣው ግድግዳ ሆን ተብሎ እንዳለ ተትቷል። ለአንድ ሌሊት የሚከፈለውን ስንሰማ የቀድሞዎቹ ባለቤቶች ምን ይሉ ነበር ማለታችን አይቀርም፤ መንደሯን ከመፍረስ እንዳዳናት ግን መካድ አይቻልም። ሚያዝያ 6 ቀን 2009 ላኲላን መትቶ 309 ሰው የገደለው የመሬት መንቀጥቀጥ የመንደሯን ማማ ሲጥል መልሶ የሚሠራው ሰው የተገኘው መንደሯ እንደገና ስለተነሣች ነው።

በካምፖ ኢምፔራቶሬ ከበግም ከግንብም ይልቅ የሰው ጆሮ የሚቆመው ግን አንድ ሆቴል ሲጠቀስ ነው። 2,130 ሜትር ላይ ያለው ይህ ሕንፃ በፋሽስቶች ዘመን ለበረዶ ስፖርት ተብሎ የተሠራ ነው። በ1935 አገራችንን ያስወረረው ሙሶሊኒ በሐምሌ 1943 ከሥልጣን ከወረደ በኋላ በመጨረሻ የታሰረው እዚህ ነበር፤ መስከረም 12 ቀን የጀርመን ወታደሮች ሞተር በሌላቸው አውሮፕላኖች ወርደው አንዲት ጥይት ሳይተኮስባቸው አስመለጡት። ያረፈበት ክፍል ለዓመታት ለጎብኚ ሲታይ ኖሯል። ለእኛ ቦታው የራሱ ስሜት አለው። ከዚያው ከፍ ብሎ የተሠራው የተራራ ማረፊያም ስሙን ያገኘው ከአብሩዚው መስፍን ነው፤ በ1928 እና 1929 የዋቢ ሸበሌን ምንጭ ፍለጋ አገራችን የመጣው ያ ንጉሣዊ ተጓዥ። ቢሆንም ሁለት ሳምንት የማይበልጥ እስር የአምስት መቶ ዓመት ሥራ መጋረጃ መሆኑ ልክ አይመስለኝም። ስለ ሙሶሊኒ የሚያስረዳ አስጎብኚ ሞልቷል፤ ሜዳው ለምን ዛፍ እንደሌለው የሚያስረዳ ጥቂት ነው።

የቀሩት እረኞች ዛሬ ከሰሜን መቄዶንያና ከሩማንያ ተቀጥረው የመጡ ይበዙበታል። ተኩላ ከ1971 ጀምሮ በሕግ ስለተጠበቀ ተራብቷል፤ ነጮቹ ግዙፍ ውሾችም አንገታቸው እንዳይነከስ የሾለ ብረት ያለው ማሰሪያ እንደ ድሮው ይታሰርላቸዋል። ከተኩላው የባሰው ግን ወረቀት ነው። የአውሮፓ ኅብረት ድጎማ ለግጦሽ መሬት በሄክታር ስለሚከፈል፣ አንድ በግ ሳያሰማሩ ከሩቅ ሆነው ሜዳ የሚከራዩ ኩባንያዎች መጡ፤ ኪራዩ ተወደደ፤ በጉን ይዞ የቆመው ሰው ተገፋ። ፓርኩም ሕዝቡም ሊከራከሩበት የሚገባው ይህ ነው እንጂ የእግር መንገዱ ምልክት ቀለም አይደለም።

በበዓል ቀን ሜዳው ዳር ካሉት ሥጋ ቤቶች ፊት ሰልፉ ረጅም ነው። ሰው አሮስቲቺኒ ይገዛል፦ በቀጭን እንጨት የተሰካ፣ ጣት የማይሞላ የበግ ሥጋ ቁራጭ። እንደ አሸንዳ በጠበበ የብረት ምድጃ ላይ ደርድሮ ራሱ ያገላብጣል፣ ጨው ነስንሶ በጥርሱ ይጎትታል። ጣፋጭ ነው። ይህ ምግብ በመላው ኢጣሊያ ስለተወደደ የአብሩዞ በግ አልበቃ ብሎ ብዙው ሥጋ ከውጭ አገር ይገባል። ሥጋው ከየት እንደመጣ ሻጩን ቢጠይቁት ብዙ ጊዜ ይነግርዎታል፤ ከኋላው ያለው ሜዳ ሣር ሞልቶት እያለ።