የካምቢዮ ምርጫና የጣርማ በር ዳገት

ከጨፋ ሸለቆ ከብትና ማሾ ጭኖ ወደ አዲስ አበባ የሚጓዝ መኪና፣ 1400 ሜትር ግድም ላይ ካለችው ከሚሴ ተነስቶ ከ3000 ሜትር በላይ የሆነውን ጣርማ በርን መውጣት ግዴታው ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር ደግሞ በየ1000 ሜትሩ ከጉልበቱ 10 በመቶ ያህል ያጣል። ለአውቶማቲክ ካምቢዮ «ስቶሉ ከፍ ያለ ቶርክ ኮንቨርተር ይገጠምለት» የሚለው ምክር ባለንብረቱን የሚማርከው በዚህ ምክንያት ነው።

ይሁን እንጂ ኮንቨርተር የሞተርን የፈረስ ጉልበት አይጨምርም። መኪናው ከመነሳቱ በፊት ሞተሩ ዙር እንዲያነሳ ያደርጋል እንጂ። ለመነሻ ይበጃል፤ በረጅም ዳገት ግን በመንሸራተት የሚባክነው ናፍጣ ሙቀት ሆኖ የካምቢዮውን ዘይት ያቃጥላል።

ስለዚህ ስቶሉ ሞተሩ በደንብ ከሚጎትትበት ዙር ጋር ሊጣጣም፣ ትርፍ ገንዘብም በዘይት ማቀዝቀዣ ላይ ሊውል ይገባል። በብድር የተገዛ መኪና ደብረ ሲና ላይ ቢቆም፣ የባንኩ ወለድ አይቆምም።