«መኪናዎን የት አቆሙት?»

ባለፈው ጥቅምት፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ እንጦጦ ላይ አንድ የጥበቃ ሠራተኛ አስቆመኝ። ወጣት ነው፤ ትሑትም ነው። «ጋሼ፣ መኪናዎን የት አቆሙት?» አለኝ። መኪና እንደሌለኝ፣ ሽሮ ሜዳ ከአውቶቡስ ወርጄ በእግሬ እንደወጣሁ ነገርኩት። «ታዲያ ሲመለሱስ?» በዚህ አልመለስም፤ በዚያ በኩል ወርጄ ሱሉልታ እገባለሁ፤ ከሱሉልታ ሚኒባስ አለ አልኩት። ልጁ ከእግር እስከ ራሴ አየኝና «በሰላም ነው?» አለኝ።

ብዕር ያስነሳችኝ ይህቺ «በሰላም ነው?» ናት። ለመሆኑ ተራራ በአንድ በኩል ወጥቶ በሌላው የሚወርድ ሰው እንደ ችግረኛ ወይም እንደ ጤና ቢስ መታየት የጀመረው ከመቼ ወዲህ ነው? ለአያቶቻችን ተራራ የሚሻገሩት ነገር ነበር። ወጥቶ፣ ፎቶግራፍ ተነስቶ፣ በመጡበት መመለስ የእኛ የልጆቻቸው ፈሊጥ ነው።

አንድ ወዳጅ አለኝ። ቅዳሜ በመጣ ቁጥር «ተራራ ወጣሁ» ይለኛል። አንድ ቀን አብሬው ሄጄ አየሁት። መኪናው አናቱ ድረስ ታወጣዋለች፤ ያቆማታል፤ ሩብ ሰዓት ያህል ይራመዳል፤ ከዚያ እጁ ኪሱ ገብቶ ቁልፉን መዳበስ ይጀምራል። መስተዋቷን ሰብረውት ይሆን? ጎማዋን ፈትተውት ይሆን? በችካል የታሰረች ፍየል ገመዷ እስከፈቀደላት ድረስ ብቻ ትግጣለች፤ የወዳጄም ገመድ አይታይም እንጂ አለ። መኪናውን ትቶ ማዶ መውረድ አይችልም፤ ማን ያመጣለታል? ስለዚህ ዕድሜ ልኩን የሚያውቀው የተራራውን አንድ ጎን ነው። ይህን ሲያነብ ይቀየመኛል፤ ይቀየም።

አውቶቡስ ግን «የት ሄድክ?» አይልም። ካወረደ በኋላ ውል የለንም። እኔን ከዚህ አውርዶ፣ ሌላው ከወዲያ ማዶ ይቀበለኛል፤ በሁለቱ መካከል ያለው ተራራ በሙሉ የእኔ ነው። ይህን ነጻነት የሚሰጠው ርካሹ ትራንስፖርት መሆኑ ነው ሰዎችን የሚያሳስታቸው መሰለኝ።

ማዶውን አለማየት ምን ያጎድላል ለሚለኝ አንድ ነገር ልንገረው። የእንጦጦ ሸንተረር ውኃ የሚከፈልበት ነው። በደቡብ ጎኑ የወደቀ ዝናብ በከተማችን ወንዞች አድርጎ አቃቂ፣ ከአቃቂም አዋሽ ይገባል፤ አዋሽ ደግሞ ባሕር ሳያይ አፋር ምድር ውስጥ፣ አቤ ሐይቅ ላይ ያልቃል። በሰሜን ጎኑ የወደቀው በሱሉልታ ሜዳ አድርጎ ወደ ሙገር፣ ከሙገር ወደ ዓባይ፣ ከዚያም በሱዳንና በግብፅ አልፎ እስከ ሜዲትራንያን ይጓዛል። በአንድ ደመና ውስጥ አብረው የነበሩ ሁለት ጠብታዎች እዚህ አናት ላይ ይለያያሉ። ይህን በልጅነቴ ከካርታ ተምሬዋለሁ። የገባኝ ግን ሸንተረሩን በእግሬ አልፌ ከባሕር ዛፉ ስወጣ፣ የሱሉልታ ሜዳ ከፊቴ ተዘርግቶ፣ የእግሬ ስር ጉድባ ወደ ሰሜን ሲፈስ ሳይ ነው። ከተማው ከጀርባዬ ጠፍቷል። ድምፁ እንኳ የለም። አንድ እረኛ ልጅ «ኤሳ ዴምቱ?» አለኝ፤ ወዴት እንደምሄድ መጠየቁ ነው። «ሱሉልታ» ስለው በበትሩ አመለከተኝ። እሱ «በሰላም ነው?» አላለኝም።

ነገሬ ላይ ነገር ልጨምርና፣ ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. የነገሡት እዚሁ እንጦጦ ማርያም ነው። እቴጌ ጣይቱ ግን አስቀድመው በ1879 ዓ.ም. ፍልውሃው ወዳለበት ቆላ ልባቸው ሄዶ አዲስ አበባ ተቆርቁራ ነበር። ከተማችን ራሷ ከተራራው ወርዳ ያልተመለሰች መንገደኛ ናት ማለት ነው።

አንባቢ እዚህ ላይ «አንተ የምትለው ለጎረምሳ ነው፤ ሌባውስ? ጅቡስ?» ይለኝ ይሆናል። እውነት ነው፤ አልክድም። እኔም አንድ ጊዜ ባሕር ዛፉ ውስጥ መንገድ ስቼ አስፋልት የደረስኩት ከመሸ በኋላ ነው፤ ያን ቀን የጸለይኩትን ያህል ጸልዬ አላውቅም። ሴት ልጅ ብቻዋን ትሂድ ብዬም አልመክርም። ሦስት አራት ሆኖ፣ ማለዳ ተነስቶ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት በፊት ማዶ መውረድ ነው። ከሽሮ ሜዳ ሱሉልታ አስፋልት ዳር እስክቆም አምስት ሰዓት ያህል ይፈጅብኛል፤ እኔ ደግሞ ጉልበቴን የሚያመኝ ሰው ነኝ። ይልቅ መንገዱን አስፈሪ ያደረገው ባዶነቱ መሆኑን እናስብ። ሰው የሚበዛበትን መንገድ ሌባም ይፈራዋል።

ሽቅብ ስወጣ እንጨት ተሸክመው ቁልቁል የሚወርዱ ሴቶች ያጋጥሙኛል። ከወገባቸው ጎብጠው፣ ከራሳቸው ክብደት የማይተናነስ የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ አዝለው ነው። ከእነሱ ጋር ራሴን «እግረኛ» ብዬ መቁጠር ያሳፍረኛል፤ እኔ ለደስታዬ እሄዳለሁ፣ እነሱ ለእንጀራ። መንገዷን ግን ሣር እንዳይውጣት ያቆዩልኝ እነሱ ናቸው። ስለዚህ አጥር የሚያጥር ሁሉ መጀመሪያ ማንን እንደሚዘጋ ቢያስብ መልካም ነው። ከመስከረም 30 ቀን 2013 ዓ.ም. ወዲህ እንጦጦ ላይ ፓርክ አለ፤ ልጆች ሲቦርቁበት አይቼ ደስ ብሎኛል፤ ፓርክ አልጠላሁም። የምጠላው «ተራራ ማለት በር ያለው፣ መኪና ማቆሚያ ያለው፣ በገቡበት የሚወጡበት ግቢ ነው» የሚለው ሐሳብ በዚህም በዚያም ሥር እየሰደደ መምጣቱን ነው። በየትኛውም ተራራ ላይ አጥር ሲተከል ከጎን ወደ ጎን የሚያሳልፍ አንድ የእግር መንገድ ለሕዝብ ይተው። በሁለቱም ጫፍ የመጨረሻው አውቶቡስ ስንት ሰዓት እንደሚነሳ የሚናገር አንድ ሰሌዳ ይተከል። የቆርቆሮ ሰሌዳ ይበቃል።

«ይህ የድሃ አገር ምኞት ነው» የሚለኝ አይጠፋም። ስዊዘርላንድ ድሃ አገር ናትን? እዚያ ቢጫው የፖስታ አውቶቡስ እስከ ተራራ መንደሮች ድረስ በሰዓቱ ይወጣል፤ ባለጸጋው ከባቡር ወርዶ ይሳፈራል፣ ተራራውን በእግሩ ይሻገራል፣ ማዶ ላይ ሌላ አውቶቡስ ይቀበለዋል። በእኛም አገር ከደባርቅ ተነስተው ስሜንን አቋርጠው አዲ አርቃይ የወረዱ እግረኞች ነበሩ፤ ሁለቱም ከተሞች ያሉት ከጎንደር ወደ ሽሬ በሚወስደው አንድ የአውቶቡስ መንገድ ላይ ነው። መንገዱ እንግዲህ ድሮም ነበረ። የጎደለው ከመኪናው ወርዶ የሚሄድበት የከተማ ሰው ነው።

ያን ቅዳሜ ሱሉልታ ስደርስ «አዲሱ ገበያ! አዲሱ ገበያ!» የሚል ረዳት ጠራኝ። በመስኮት በኩል የተሻገርኩት ሸንተረር እስኪያልፍ ድረስ ዓይኔን አልነቀልኩም። ማታ ለወዳጄ ደውዬ የሚቀጥለው ቅዳሜ ጠዋት በአንድ ሰዓት ሽሮ ሜዳ ማቆሚያ ላይ እንዲጠብቀኝ፣ መኪናውንም ቤቱ እንዲተዋት ነገርኩት። ጥቂት ዝም አለና «እሺ» አለኝ፤ «ግን ሾፌሩ መኪናዋን በጎጃም መንገድ አዙሮ ሱሉልታ ቢጠብቀንስ?»