የግቢ መብራት ማብሪያ በአንድ ክፍል ብቻ አይሁን



በወልቂጤም ሆነ በቡታጅራ በአንድ ግቢ፣ በአንድ ቆጣሪ የሚኖር ተከራይ ብዙ ነው። የግቢው መብራት ማብሪያ ግን ብዙ ጊዜ ያለው አከራዩ ክፍል ውስጥ ነው። እሳቸው አጥፍተው ሲተኙ ሌሊት ወደ መጸዳጃ የምትወጣ እናት በጨለማ ትደናበራለች። ማጥፋቱ ሲረሳ ደግሞ ቀን ሙሉ ይበራል፤ ሂሳብ ሲመጣ ጠብ ነው። 60 ዋት አምፖል በየቀኑ 12 ሰዓት በከንቱ ቢበራ በ30 ቀን 21.6 ኪሎ ዋት ሰዓት ይቆጥራል።

መፍትሔው ከባድ አይደለም። ሦስት ማሰሪያ ያላቸው ሁለት ማብሪያዎች፣ አንዱ በውጭ በር ሌላው በመጸዳጃው አጠገብ ቢገቡ፣ ከሁለቱም ቦታ ማብራትም ማጥፋትም ይቻላል። ሰው ሲያልፍ የሚያበራ ሴንሰር ከተጨመረ ከማብሪያዎቹ ጎን ለጎን ይታሰር። ቀንና ሌሊት የሚለየው ፎቶሴል ግን ከሁሉም በፊት በፌዙ መስመር ላይ ይግባ፤ ያኔ ማንም ቢረሳ መብራቱ ቀን አይበራም።

«ወጪው የማን ነው?» ለሚሉ፣ በእኔ አስተያየት አከራይና ተከራይ እንደ እድር መዋጮ ይካፈሉት። ሥራውን ግን ሙያተኛ ዋናውን አጥፍቶ ይሥራው፤ 220 ቮልት ቀልድ አያውቅም።

ሂሳቡን በጋራ የምንከፍል ከሆነ ማብሪያውም የጋራ ይሁን።