ጳጉሜን የማያውቅ ዓምድ

እዚህ አቃቂ ቃሊቲ ያስተማርኳችሁ ልጆች ይሄን ስታነቡ «መምህር ደግሞ ጀመረው» እንደምትሉ አውቃለሁ። ይሁን፣ ጀምሬያለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በፓይተን ዳታቤዝ ስትሠሩ የሰንጠረዡን ዓምድ እንደ ተራ ጽሑፍ ነው የምትይዙት ወይስ የራሱ ሕግ እንዳለው ኦብጀክት? ብዙዎቻችሁ «ቀን ያው ቀን ነው፣ ምን ያካብዳል» ትላላችሁ። እኔ አልስማማም፤ በተለይ እዚህ አገር።

የቃሊቲን መጋዘኖች አስቡ። ከውጭ የመጣው ኢንቮይስ በፈረንጆች ቀን ነው፤ መዝጋቢዋ የምታስበው ደግሞ በእኛው ነው። ጥቅምት 15 ቀን 2016 ለማለት 2016-02-15 ብላ ትጽፋለች። ዳታቤዙ ምንም ሳይል ይቀበላታል፤ ለሱ ፌብሩዋሪ 15 ቀን 2016 ነው። ትክክለኛው ቀን ግን ኦክቶበር 26 ቀን 2023 ነበር። ሰባት ዓመት ከስምንት ወር ጠፋ ማለት ነው! በ2016 ዓ.ም. ከነበሩት 366 ሳይሆን 365 ቀናት ውስጥ ዳታቤዙ «እንዲህ ያለ ቀን የለም» ብሎ የሚጮኸው በስድስቱ ብቻ ነው፦ በጥቅምት 30 እና በአምስቱ የጳጉሜን ቀናት። በቀሩት 359 ቀናት ዝም ብሎ ይዋሻል። ድሮ የነበሩት የማይኤስኪውኤል ቅጂዎችማ ብዙ ጊዜ ጳጉሜንን ወደ ዜሮ ቀይረው ያልፉ ነበር።

«እንግዲያው ጽሑፍ አድርገን እናስቀምጠው» የሚል አለ። እሱ ደግሞ ሲደረደር 2016-9-5ን ከ2016-10-5 በኋላ ያመጣላችኋል። በሁለት ቀናት መካከል ስንት ቀን እንዳለ ቀንሳችሁም አታገኙም።

መድኃኒቱ ዓምዱን ኦብጀክት ማድረግ ነው። ኤስኪውኤል አልኬሚ ላይ ታይፕዴኮሬተር የሚባል አለ፤ ጃንጎም የራሱ መንገድ አለው። ሁለት ፈንክሽን ትጽፋላችሁ፦ አንዱ ቀኑ ሲገባ ወደ ፈረንጆች የሚቀይር፣ ሌላው ሲወጣ ወደ እኛ የሚመልስ። ከዚያ በኋላ ዓምዱን ከመስከረም 1 ጋር ስታወዳድሩት «እውነት» ወይም «ሐሰት» አይመልስላችሁም፤ የጥያቄ ቁራጭ ነው የሚሆነው፣ መስከረም 1ም በዚያው ፈንክሽን ተቀይራ ትገባለች። ልወጣው አንድ ቦታ ተጻፈ፣ አለቀ። በየፎርሙና በየሪፖርቱ ስትገለብጡት ግን አንዱን መርሳታችሁ አይቀርም።

ስምም እንደዚሁ ነው። ኃይሉ፣ ሃይሉ፣ ሀይሉ፦ ለኮምፒውተሩ ሦስት ሰው፣ ለእናቱ አንድ ልጅ። ዓምዱ የተጻፈውን እንዳለ ይያዝ፤ ሲያወዳድር ግን ሞክሼዎቹን ፊደላት አንድ ያድርግ። (ስልክ ቁጥርን ኢንቲጀር አድርጋችሁ የፊቷን ዜሮ የበላችሁ፣ እናንተን ሌላ ቀን አነጋግራችኋለሁ።)

ኦብጀክት ይከብዳል የምትሉት እውነት አላችሁ። ሚሊዮን ረድፍ ለምትደምሩበት ሪፖርት እኔም ቀጥታ ኤስኪውኤል ነው የምጽፈው። ግን መጋዘኑ ውስጥ ዕቃ ለሚመዘግብ ፕሮግራም ፍጥነቱ ሰበብ አይሆንም። የማትስማሙ ካላችሁ ኮመንት ላይ ኑ፤ ስትመጡ ግን ኮዳችሁን ጳጉሜን 3 ላይ ሞክራችሁት ኑ።